የአገር ቤትን ዝናብ ባሕር ላይ መለካት
ውቅያኖስን የመለካት ሙያ ከዴንቨርና ከኦሮራ ልጆች ያን ያህል የራቀ አይደለም

ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዴንቨር ተነስቶ ውቅያኖስ ዳር ለመድረስ በየትኛውም አቅጣጫ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም ኤርትራ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በኮልፋክስና በሐቫና ጎዳናዎች አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ስለ ውቅያኖስ ጥናት ወሬ ቢነሳ፣ «እኛን ምን አገባን?» የሚለው ሰው ቢበዛ አያስደንቅም።

ነገር ግን በእነዚሁ ምግብ ቤቶች በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ሲገባ የማይቀር ሌላ ጥያቄ አለ። «አገር ቤት ዝናቡ እንዴት ነው?» ወሎ፣ ጎንደር፣ ሸዋ ወይም ሐረርጌ የደወለ ሁሉ ከጤና ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዝናቡ በጊዜው ከገባ የሚላከው ገንዘብ ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት ክዳን ይውላል። ከቀረ ግን ገንዘቡ እህል መግዣ ይሆናል፤ መጠኑም ይጨምራል። በኤርፖርት፣ በታክሲና በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ብዙ ወገኖች የደመወዛቸው አካሄድ ከአገር ቤት ሰማይ ጋር የተሳሰረ ነው።

የዚያ ሰማይ ምሥጢር ከፊሉ ያለው ባሕር ላይ ነው። ባሕሩን የሚለካ ሰው ከሌለ ዝናቡን አስቀድሞ የሚናገር አይኖርም።

ክረምቱን የሚያዘው ሩቅ ውሃ

የኢትዮጵያ ደጋ ዝናቡን የሚያገኘው ከአትላንቲክ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በኩል ነፋስ ከሚያመጣው እርጥበት ነው። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና ምን ያህል እርጥበት እንደሚሸከም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ግን ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛውና ምሥራቃዊው ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኞ ይባላል፤ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ኤልኒኞ ሲመጣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ባሉት የሶማሌና የቦረና አካባቢዎች ደግሞ ከመስከረም በኋላ የሚመጣው ዝናብ ብዙ ጊዜ ይበረታል። ላኒና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው የከሸፉት ላኒና ለሦስት ዓመት በተደጋገመበት ጊዜ ነበር።

ይህን ዝምድና የመረመሩት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ወርቅነህ ደገፉ ስለ ኢትዮጵያ ድርቅ የጻፉት ጥናት በ1987 ታትሟል። ጥናቱ የወጣው ስለ አፍሪካ ድርቅና ረሃብ በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ የመጽሐፉ አዘጋጅ ማይክል ግላንትዝ ይሠሩ የነበሩት ከዴንቨር በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች በምትገኘው በቦልደር፣ በብሔራዊው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ነበር። በዚያው በ1987 የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ የወቅት ዝናብ ትንበያ ማውጣት ጀመረ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2007 ድሪባ ቆሪቻ ከአሜሪካዊው አንተኒ ባርንስተን ጋር ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ክረምት በቅድሚያ የሚያዘው ኤልኒኞና ላኒና መሆኑን፣ በአፍሪካ ዙሪያ ያሉት የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ሁኔታዎች ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ እንደሚከተሉ አሳዩ።

የዚህ እውቀት ዋጋ በ2015 ታይቷል። ያ ዓመት ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኞዎች አንዱ የታየበት ሲሆን በኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አለፈ። ሆኖም የውቅያኖሱ መሞቅ አስቀድሞ ይታይ ስለነበር እህል ለመግዛትና ለማጓጓዝ ጥቂትም ቢሆን ጊዜ ተገኘ። በእርግጥ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ረሃብ ግን የሰው እጅ ይታከልበታል። የ66ቱንና የ77ቱን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። መረጃ ብቻውን ማንንም አያበላም። መረጃ ካለ ግን «አላወቅንም ነበር» የሚል ባለሥልጣን ማምለጫ አይኖረውም።

ማንም ሳያየው የመጣው ኤልኒኞ

የባሕር ልኬት ሲጓደል ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ የ1982 ነው። በዚያ ዓመት በክፍለ ዘመኑ ከታዩት ሁሉ ብርቱ ከሆኑት ኤልኒኞዎች አንዱ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ እየተነሳ ነበር። በጥቅምት 1982 ግን በፕሪንስተን የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በዚያ ዓመት ኤልኒኞ የለም የሚል አስተያየት ነበራቸው።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በሜክሲኮ ኤል ቺቾን የተባለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የረጨው ጉም ሳተላይቶቹን አሳሳተ፤ ባሕሩ ከእውነቱ የቀዘቀዘ መስሎ ታያቸው። በሌላ በኩል መርከቦች ውሃው በጣም መሞቁን እየለኩ ይልኩ ነበር። ቁጥሮቹ ግን ከተለመደው እጅግ ስለራቁ መረጃ የሚያጣሩት ኮምፒውተሮች «ስህተት ነው» ብለው ወደ ጎን ጣሏቸው። ትክክለኛው ልኬት ተሰብስቦ ነበር፤ የሚያምነው ግን ጠፋ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በኢትዮጵያ የደረሰው የሚታወቅ ነው። የ77ቱ እልቂት የጦርነትና የፖለቲካ ሥራ ብዙ ቢኖርበትም፣ ውቅያኖሱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በጊዜ አለመነበቡ ሌላው ጉድለት ነበር።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ከሌሎች አገሮች ጋር በመተባበር በሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ላይ መልሕቅ የተጣለላቸው 70 ያህል ተንሳፋፊ የመለኪያ ጣቢያዎችን መትከል ጀመረች። ሥራው አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1994 መጨረሻ ተጠናቀቀ። የ1997ቱ ታላቅ ኤልኒኞ ሲመጣ ዓለም ገና ከጅምሩ በዓይኑ ተከታተለው።

የተተከለ መሣሪያ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ባትሪው ያልቃል፣ ጨው ይበላዋል፣ ዓሣ አጥማጅ ይመታዋል። በ2012 ጣቢያዎቹን የምትጎበኘው መርከብ ከሥራ ስትወጣ፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ከጣቢያዎቹ የሚመጣው መረጃ ወደ 40 በመቶ ያህል ወረደ። ለኢትዮጵያ ይበልጥ በሚቀርበው በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ባየሉባቸው ዓመታት የምርምር መርከቦች መቅረብ ስላልቻሉ ከካርታው ላይ ሰፊ ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር። ውቅያኖስን የሚለካ ሰው ቁጥር ጥቂት መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው?

የባሕር ልኬት ለመማር የሚወጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ባለሙያዎቹ «ሲቲዲ» ከሚሉት መሣሪያ ጋር ነው። መሣሪያው የሚለካው ሦስት ነገር ነው፦ የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም፣ ሙቀትና ግፊት። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከሙቀቱና ከግፊቱ ጋር ሲሰላ ጨዋማነቱን ይሰጣል፤ ግፊቱ ደግሞ ጥልቀቱን ይነግራል፤ ምክንያቱም በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ባሕር ዳር ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል በሆነ መጠን ይጨምራል። መሣሪያው በብረት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ረጃጅም የውሃ መቅጃ ጠርሙሶች ተደርድረውበት፣ በሽቦ ገመድ ወደ ታች ይወርዳል። በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ስለሚወርድ 2,000 ሜትር ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጠርሙሶቹ ሲወርዱ ክፍት ናቸው፤ ሲወጡ በተመረጠ ጥልቀት ከመርከቧ በሚላክ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይዘጋሉ።

ተማሪዎች ግፊት ምን ማለት እንደሆነ እንዳይረሱ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የቡና መጠጫ የፎም ስኒ ላይ ስማቸውን ጽፈው ከመሣሪያው ጋር ወደ ታች ይልኩታል። ስኒው ሲመለስ የአረቄ መለኪያ አክሏል።

ሥራው ቀንና ሌሊት አይለይም፤ የመርከብ ወጪ ከፍተኛ ስለሆነ ማንም በከንቱ አይቆምም። ተማሪው በፈረቃ ይሠራል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ ውሃ ይቀዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብዙዎች በባሕር ሕመም ያሳልፋሉ። ከጠርሙሱ መጀመሪያ የሚቀዳው ለኦክስጅን ልኬት የሚሆነው ነው፤ አየር ከነካው ይበላሻልና። ቀጥሎ ሌላው ይቀዳል፤ የጨዋማነቱ ናሙና ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። ቅደም ተከተሉን የሳተ የዚያን ጠርሙስ ድካም ሁሉ ያባክናል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው መዝገቡ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መርከቧ ያለችበት ቦታ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የወረደው ገመድ ርዝመት፣ የጻፈው ሰው ስም ሁሉ ይሰፍራል። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ሌላው ሰው ምን እንደተለወጠ እንዲያይ። የዕቁብ ጸሐፊ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰዓቱም የሚጻፈው በመርከቧ ወይም በተማሪው አገር ሰዓት ሳይሆን ዓለም ሁሉ በተስማማበት በአንድ ሰዓት ነው። ሰዓት ያሳሳተ መዝገብ ልኬቱን መርከቧ ካልነበረችበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን ልጆች አንድ ብልጫ አላቸው። ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት የሚባለው ውጭ ስምንት ሰዓት መሆኑን፣ የአገራቸውም ዘመን ከፈረንጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን እየቀየሩ ያደጉ ናቸው።

ሰው ሊደርስበት በማይችለው የውቅያኖስ ክፍል ደግሞ አርጎ የሚባሉ ሰው አልባ መለኪያዎች ይሠራሉ። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ አሉ። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ወርዶ ዘጠኝ ቀን ያህል ከውሃው ጋር ይንሳፈፋል፤ ከዚያ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ እየለካ ይወጣና ያገኘውን በሳተላይት ይልካል፤ እንደገናም ይሰምጣል። ልኬቱ ለማንም ሰው በነጻ የተከፈተ ነው። ኦሮራ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትልልቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ያንኑ ቁጥር ማውረድና መመርመር ይችላል።

ቁጥርን ማመን፣ ቁጥርን መጠርጠር

ቁጥር መሰብሰብ የሙያው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ቁጥሩ እውነት መናገሩን መመርመር ነው። ለዚህ ቀይ ባሕር ራሱ ጥሩ አስተማሪ ሆኗል።

በ1948 አልባትሮስ የተባለች የስዊድን መርከብ በቀይ ባሕር መካከል ባለ ጥልቅ ቦታ ላይ ያልተለመደ ሙቀትና ጨዋማነት መዘገበች። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በ1964 የእንግሊዟ ዲስከቨሪ ከ2,000 ሜትር በታች 44 ዲግሪ አገኘች። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ቁጥሩን አልጣሉትም፤ የቀዱትን ውሃ ጨዋማነት ለኩ፤ ከመደበኛው ባሕር ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት አትላንቲስ ሁለት የተባለች የአሜሪካ መርከብ በአቅራቢያው 56 ዲግሪ ለካች። በባሕሩ ግርጌ ላይ በብረታ ብረት የበለጸገ የጋለ የጨው ውሃ ኩሬ እንዳለ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ የ2006 ነው። በዚያ ዓመት የወጣ አንድ ጥናት ውቅያኖሱ ጥቂት ዓመት መቀዝቀዙን ተናገረ፤ ወሬውም ብዙ አነጋገረ። ከዓመት በኋላ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መርምረው ቅዝቃዜው የመሣሪያ ጉድለት መሆኑን ደረሱበት። ከፊሎቹ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ግፊትን አሳስተው መዝግበው ነበር፤ ከመርከብ የሚወረወሩ አሮጌ መለኪያዎች ደግሞ ሙቀቱን ከእውነቱ ከፍ አድርገው ነበር። እርማቱን በ2007 በይፋ አወጡ። ስለዚህ ያልተለመደ ቁጥር ሲመጣ ወዲያው ማመንም ወዲያው መጣልም አይገባም። በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ሰው፣ በሌላ ቀን ይለካል። በ1982 የጎደለው ይህ ነበር።

ስሌቱ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ቦታ በጥቅምት ወር ያለው የሠላሳ ዓመት አማካይ ሙቀት 26.7 ዲግሪ ቢሆንና የዘንድሮው ጥቅምት 29 ቢሆን፣ ልዩነቱ 2.3 ዲግሪ ነው። ኤልኒኞ ለብዙ ዓመታት ሲታወጅ የቆየው ይህ ልዩነት በተወሰነው የሰላማዊ ውቅያኖስ ክፍል ላይ፣ በሦስት በሦስት ወር አማካይ ተሰልቶ፣ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ግማሽ ዲግሪ ሲሞላ ወይም ሲያልፍ ነው። መደመር፣ መቀነስና ማካፈል የሚችል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል። ከዚያ በላይ ያለው ስታቲስቲክስና ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

ባሕር ያጣ፣ ውሃን ያልረሳ ሕዝብ

ኢትዮጵያውያን ለባሕር ሙያ አዲስ አይደሉም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነበር። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለች የማሠልጠኛ መርከብ ዕጩ መኮንኖችን ይዛ ባሕር ትወጣ ነበር። ወጣቶቹ ቦታን በኮከብ ማወቅ፣ ጥልቀት መለካትና ማዕበል ማንበብ የተማሩት በሥራ ላይ ነው። በ1991 መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993 ተሸጠች። መርከበኞቹም በየአገሩ ተበተኑ።

በሐይቆቹ ላይ ግን ሥራው አልተቋረጠም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥዩም መንግሥቱ፣ ከሐዋሳ ደግሞ ዝናቡ ገብረ ማርያም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ለረዥም ዓመታት አጥንተዋል፤ ተማሪዎችንም አፍርተዋል። ጀልባው ትንሽ፣ ውሃውም ጨዋማ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሙቀት በጥልቀት ይለካል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይመዘገባል፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይለካል። ጣና በእምቦጭ አረም ሲወረር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ተሸፈነ? ውሃው ምን ሆነ?» የሚል ነበር። ይህንን የሚመልሰው ውሃው ላይ ወጥቶ የለካ ሰው ነው።

ባሕር የሌላት ኮሎራዶ ምን አላት?

ኮሎራዶም ባሕር ሳይኖራት የባሕር ሙያ ያላት ናት። በቦልደር የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የከባቢ አየርና የውቅያኖስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው። የባሕር ጠለል ከፍታን በሳተላይት የሚከታተለው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ1993 ጀምሮ የተሰበሰበውን የ25 ዓመት ልኬት መርምሮ፣ የባሕሩ ከፍታ በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ያህል መጨመሩን፣ ጭማሪውም እየፈጠነ መሆኑን በ2018 አሳይቷል። ሳተላይቶቹ ትክክል መሆናቸው የሚረጋገጠው በየወደቡ በተተከሉ መለኪያዎች ስለሆነ ቡድኑ ከመስክ ሥራ ጋር ግንኙነቱ የጠበቀ ነው። በሰሜን፣ በፎርት ኮሊንስ ያለው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1984 በዊልያም ግሬይ መሪነት ከጀመረ ወዲህ የአትላንቲክን አውሎ ነፋስ ወቅት ሲተነብይ ኖሯል። ከእነዚያ አውሎ ነፋሶች አንዳንዶቹ የሚነሱት ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች አካባቢ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ለዴንቨር ከሁሉ በሚቀርበው በሌክዉድ ደግሞ ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ የመጣ የበረዶ ናሙና የሚቀመጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ቤት አለ።

መንገዱም በገንዘብ ረገድ የተዘጋ አይደለም። በኮሎራዶ ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገና ትምህርት ቤት እያሉ የኮሌጅ ትምህርት ያለ ክፍያ መውሰድ የሚችሉበት አሠራር ከ2009 ጀምሮ አለ። ካልኩለስንና ፊዚክስን በኦሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሚያውቁት መንገድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 ጀምሮ ለኮሌጅ ተማሪዎች የክረምት ምርምር ሲደግፍ ቆይቷል። ተማሪው እየተማረ ይከፈለዋል፤ ዜግነት ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድም ይበቃል። በማሳቹሴትስ በውድስ ሆል ያለው፣ በ1971 የተቋቋመው የባሕር ትምህርት ማኅበር ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎችን በሸራ መርከብ ባሕር እያወጣ፣ ራሳቸው ለክተው ራሳቸው እንዲተነትኑ ሲያስተምር ኖሯል።

ልምምዱን ለመጀመር ግን ባሕር መጠበቅ አያስፈልግም። በኦሮራ ያለው የቼሪ ክሪክ ግድብ ሐይቅ ይበቃል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ የጣልያን ቄስ በ1865 የፈለሰፈው የውሃ ጥራት መለኪያ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። ነጭ የባልዲ ክዳን መሐሉ ላይ ክብደት ታስሮበት፣ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት በተደረገበት ገመድ ይወርዳል። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል፤ ሲሳብ እንደገና የሚታይበት ጥልቀትም ይጻፋል፤ አማካዩ የዕለቱ ልኬት ይሆናል። ቴርሞሜትር የተከተተበት ጠርሙስ ቢጨመርበት የሙቀት መዝገብም ይጀመራል። ሦስት አራት ልጆች በወር ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከፈቃድ ጋርና ከአዋቂ ጋር ከዓሣ ማጥመጃው ድልድይ ላይ ቢለኩ በዓመት የራሳቸው መረጃ ይኖራቸዋል። በክረምት ግን በረዶው ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ዋናም አስቀድሞ መማር ይገባል፤ በከተማው የመዋኛ ገንዳዎች የሚሰጠውን ትምህርት ከልጆቹ ጋር ወላጆችም ቢወስዱት መልካም ነው።

ለወላጆች

በዴንቨርና በኦሮራ ላሉ ብዙ የኢትዮጵያ ወላጆች የተሳካ ልጅ ማለት ሐኪም፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሁለት ሥራ ይዞ ልጅ ላሳደገ ሰው ይህ አይፈረድበትም፤ የሚታወቅና እንጀራ የሚያወጣ ሙያ ነው። ነገር ግን «ባሕር ልለካ ነው» የሚል ልጅ ሲመጣ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ከመመለስ በፊት አንድ ነገር ማሰብ ይገባል። በሚቀጥለው ሰኔ አያቱ ያሉበት ቀበሌ ዝናብ ይኑር አይኑር የሚጠቁመው ቁጥር የሚመጣው ከሰላማዊና ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ያንን ቁጥር በሌሊት ፈረቃ ቆሞ የሚቀዳ፣ በትክክል የሚጽፍ፣ ሲያጠራጥረው ደግሞ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

እስከ ዛሬ ያንን ሥራ ሌሎች ሲሠሩት ኖረዋል። ቁጥሩን ከእነሱ ተቀብለው ለኢትዮጵያ ክረምት የተረጎሙት ግን እንደ ወርቅነህ ደገፉና እንደ ድሪባ ቆሪቻ ያሉ የአገር ልጆች ናቸው። ከኦሮራ ትምህርት ቤቶች የሚወጣ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ባሕሩ ላይ ወጥቶ የሚለካ፣ ተመልሶም ለወሎ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ የሚናገር።

በዓመት አንድ ቅዳሜ የማኅበረሰቡ ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያናት የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ይዘው ወደ ቦልደር ቢወጡ፣ ዩኒቨርሲቲውን ቢያሳዩአቸው፣ ቼሪ ክሪክ ላይም አንድ ገመድና አንድ የባልዲ ክዳን ቢያስይዟቸው ወጪው ከአንድ የእግር ኳስ ቡድን ማልያ አይበልጥም። መዝገቡን የሚከፍት አንድ ደብተር መግዛት ደግሞ የማንም ቤተሰብ አቅም ነው።